ቢልድ ቱል እንዴት ይፈተሻል? ዩኒት ቴስቱ ሁሉ አልፎ ያረጀ ውጤት ሲወጣ

ድንጋይ_ጠራቢ
ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ስለ ቢልድ ቱል (ከምንጭ ኮድ ፕሮግራም የሚሠራ መሣሪያ) ቴስት ነው። ቱሉ አነስተኛ ነው፦ የኢላማዎችን ዝርዝር ከአንድ ፋይል ያነባል፣ የጥገኝነት ግራፍ (የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚደገፍ የሚያሳይ ካርታ) ይሠራል፣ የእያንዳንዱን ፋይል ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ አጭር መለያ) በራሱ መዝገብ ይይዛል፣ ከዚያ የተቀየረውን ብቻ መርጦ ትእዛዞቹን ጎን ለጎን ያስኬዳል። ፓርሰሩ (ዝርዝሩን የሚያነበው ክፍል) ቴስት አለው፣ ግራፉም ሃሹም አላቸው። ሁሉም ያልፋሉ። ሆኖም ሄደር ፋይል (ሌሎች ምንጮች የሚጠሩት የጋራ ፋይል) ተቀይሮ የቀድሞው ኦብጀክት ፋይል (ኮምፓይለሩ ከምንጩ ያወጣው ውጤት) ሳይነካ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሁሉን አጥፍቶ ከዜሮ ሲሠራ ችግሩ ይጠፋል። ክፍሎቹ አንድ በአንድ ትክክል ሆነው ሳለ ጠቅላላው ሲሳሳት የጎደለው ምን ዓይነት ቴስት ነው? ከየትስ ልጀምር?

ከዜሮ_ጀማሪ
«አጥፍተህ እንደገና ሥራው» የሚለው ምክር ራሱ የሚጎድልህን ቴስት ይነግርሃል። ቢልድ ቱል ሊያከብረው የሚገባ ዋና ሕግ አንድ ነው፦ ከፊል ቢልድ የሚሰጠው ውጤት ከዜሮ ቢልድ ከሚሰጠው ጋር ባይት በባይት አንድ መሆን አለበት። ሁለተኛው ሕግ ከሱ ይከተላል፦ ያለ ምክንያት የሄደ ትእዛዝ መኖር የለበትም። ያንተ ዩኒት ቴስቶች (እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው የሚፈትሹት) ሁለቱንም አይጠይቁም። ሃሹ ትክክል መሰላቱን እንጂ ሃሹ የሚሰላው ለትክክለኛዎቹ ፋይሎች መሆኑን አያዩም።

መነሻ የሚሆን አንድ ቴስት ይኸው። በጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ሦስት ፋይል አስቀምጥ፦ ዋና.ሲ፣ ሒሳብ.ሲ እና ሁለቱም የሚጠሩት ሒሳብ.ኤች። ከዚያ ቱሉን ደጋግመህ እያስኬድክ የሄዱትን ትእዛዞች ስም መዝግብ። ቁጥራቸው ብቻ አይበቃም፤ የተሳሳተ አንድ ትእዛዝ ሄዶ ትክክለኛው ቢቀር ቁጥሩ ያው አንድ ነው።

መጀመሪያ ሲሄድ፦ ሁለት ኮምፓይል (ምንጭን ወደ ኦብጀክት ፋይል መቀየር)፣ አንድ ሊንክ (ኦብጀክቶቹን አንድ ፕሮግራም አድርጎ ማያያዝ)።
ምንም ሳይነካ ሲደገም፦ ዜሮ።
ሒሳብ.ኤች ሲቀየር፦ ሁለት ኮምፓይል፣ አንድ ሊንክ።
የሒሳብ.ሲ ኦብጀክት ፋይል ሲጠፋ፦ አንድ ኮምፓይል ብቻ፤ እንደገና የተሠራው ፋይል ከቀድሞው ጋር አንድ ስለሆነ በሃሽ የሚሠራ ቱል ሊንክ ማድረግ የለበትም።
የኮምፓይለሩ ኮድ ማፍጠኛ አማራጭ ከደረጃ 1 ወደ ደረጃ 2 ሲቀየር፦ ሁሉም።

የመጨረሻው ላይ ብዙ ቱል ይወድቃል። ሜክ የተባለው ቢልድ ቱል ትእዛዙ መቀየሩን በራሱ አያይም፤ ኒንጃ የተባለው ሌላው ቱል ግን የእያንዳንዱን ትእዛዝ ሃሽ በሎግ ፋይሉ ስለሚይዝ ያውቃል። ያንተ ቱል ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይህ ቴስት ወዲያው ያሳይሃል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በሒሳብ.ሲ ላይ ኮሜንት ጨምረህ «ኮምፓይል ይሄዳል፣ ሊንክ አይሄድም» የሚል ቴስት ከጻፍክ፣ ኮሜንቱን አዲስ መስመር ላይ አታስቀምጥ። የዲበግ መረጃ (ስሕተት ለመፈለግ በኦብጀክቱ ውስጥ የሚቀመጠው) የመስመር ቁጥር ስለሚይዝ ኦብጀክት ፋይሉ ይቀየርና ቱሉ ሳያጠፋ ቴስቱ ይወድቃል። ኮሜንቱን በነበረው መስመር መጨረሻ ላይ ጻፈው፣ ዲበግንም አጥፋ።

ቅርንጫፍ
ግሬድል ለተባለው ቢልድ ቱል ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) ለሚጽፍ ሰው ይህ አቆጣጠር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ቴስትኪት የተባለው ክፍል እውነተኛ ቢልድ አስኬዶ የእያንዳንዱን ታስክ ውጤት ይመልሳል፦ ተሠርቷል፣ አያስፈልገውም፣ ከካሽ (ቀድሞ ተሠርቶ ከተቀመጠ ውጤት) መጣ፣ ወድቋል፣ ምንጭ የለውም። ቴስቱ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው ግን በስክሪን ላይ የወጣውን ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ጽሑፉ በሚቀጥለው ስሪት ሲቀየር ቴስቱ ያለ ጥፋቱ ይሰበራል።

ሰዓት_ቆጣሪ
ከዜሮ_ጀማሪ ያለው ልክ ነው። ግን እንደዚያ የተጻፈ ቴስት በመጀመሪያው ሳምንት አንዴ ማለፍ አንዴ መውደቅ ይጀምራል። ጥፋቱ የሰዓት ነው።

ቱሉ ሃሽ ቢጠቀምም እንኳ ሁሉንም ፋይል በየጊዜው ማንበብ ስለሚከብድ «የተቀየረበት ሰዓትና መጠኑ ያው ከሆነ አላነበውም» የሚል አቋራጭ ይኖረዋል። አሁን የተለያዩ የፋይል ሲስተሞች (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚቀመጡባቸው ሥርዓቶች) ይህን ሰዓት በምን ያህል ልዩነት እንደሚመዘግቡ እንይ። ፋት የሚቆጥረው በ2 ሰከንድ ነው። ኤችኤፍኤስ ፕላስና ኤክስት3 በ1 ሰከንድ። ኤንቲኤፍኤስ በ100 ናኖሰከንድ፣ ኤክስት4 እና ኤፒኤፍኤስ በናኖሰከንድ። ኤክስት4 ናኖሰከንድ ይጻፍ እንጂ የሊኑክስ ከርነል ለረጅም ጊዜ ሰዓቱን የሚወስደው ከራሱ የሰዓት ምት ነበር፤ በሰከንድ 250 ጊዜ ለሚመታ ከርነል ይህ 4 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ከ6.13 ወዲህ ይህ ተሻሽሏል፤ ቴስቶቻችን የሚሄዱባቸው ማሽኖች ብዙዎቹ ግን ገና የቀድሞው ላይ ናቸው።

ስለዚህ ቴስቱ ፋይል ይጽፋል፣ ቱሉ በ2 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል፣ ቴስቱ ፋይሉን መልሶ ይጽፋል። ሰዓቱ ያው። «1» የነበረው «2» ከሆነ መጠኑም ያው። ቱሉ ምንም አልተቀየረም ይላል፣ ቴስቱ ይወድቃል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ አንድ ሰከንድ መተኛት ይጨምራል። እባካችሁ አታድርጉት። 300 ቴስት ካላችሁና እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ቢተኛ 5 ደቂቃ በከንቱ ሄደ። ፋት ላይ ደግሞ አንድ ሰከንዱ ራሱ አይበቃም። ይልቅ በቴስቱ ውስጥ ፋይል የሚጽፈው ፈንክሽን አንድ ብቻ ይሁን፤ ከጻፈ በኋላ የተቀየረበትን ሰዓት ራሱ ይወስን። ከአንድ የቆየ ቀን ይጀምርና በእያንዳንዱ ጽሕፈት 10 ሰከንድ ይጨምር። ያኔ ቴስቱ በየትኛውም ፋይል ሲስተም አንድ ዓይነት ይሆናል። ይህ የሚበቃው ግን የፋይሉን ሰዓት ከተመዘገበው ሰዓት ጋር ለሚያወዳድር ቱል ነው። ምንጩን ከውጤቱ ሰዓት ጋር የሚያወዳድር ቱል ከሆነ ኮምፓይለሩ የጻፈው ውጤት የዛሬን ሰዓት ስለሚይዝ፣ ከእያንዳንዱ ቢልድ በኋላ የውጤቶቹንም ሰዓት በዚያው ቆጣሪ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ግን ያ ችግር ለተጠቃሚው አልጠፋም፤ ቴስቱ ብቻ ነው ያመለጠው። ስለዚህ ለብቻቸው የሚቆሙ ሦስት ቴስቶች ጻፉ፦

አንድ፤ ሰዓትም መጠንም ያው ሆኖ ይዘት ብቻ የተለየ ፋይል። የኮድ ስሪቶችን የሚይዘው ጊት በኢንዴክሱ (በፋይሎች መዝገቡ) ላይ ይህንኑ ችግር ፈትቶታል፤ የፋይሉ ሰዓት መዝገቡ ከተጻፈበት ሰዓት ጋር እኩል ወይም ከሱ የሚበልጥ ከሆነ አያምነውም፣ ይዘቱን ያነባል። ለቢልድ ቱልም የሚበጀው ይኸው ነው።

ሁለት፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ የሄደ ፋይል። አንድ ሰው የቆየ ቅጂ ከነሰዓቱ ሲመልስ ምንጩ ከውጤቱ ያረጀ ይመስላል። «ምንጩ ከውጤቱ አዲስ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ቱል አያየውም፤ «ካስመዘገብኩት የተለየ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ያየዋል።

ሦስት፤ ሰዓቱ ብቻ ተቀይሮ ይዘቱ ያልተቀየረ ፋይል። በሃሽ ለሚሠራ ቱል የሚጠበቀው ዜሮ ትእዛዝ ነው።

ድንጋይ_ጠራቢ
ሰዓት_ቆጣሪ በጣም አመሰግናለሁ። «ሰዓትና መጠን» የሚለው አቋራጭ በቱሉ ውስጥ አለ፤ መዝገቡ የሚጻፍበት ሰዓት ግን የትም አልተያዘም። አንዱ ቀዳዳ ይኸው ሆነ ማለት ነው። ሌላ ጥያቄ፦ እነዚህን ቴስቶች በእውነተኛ ዲስክ ላይ ላስኬዳቸው ወይስ በሚሞሪ ውስጥ የውሸት ፋይል ሲስተም ልሥራ?

መዶሻ
ሁለቱንም፣ ግን ለየሥራቸው።

የኒንጃን ቴስቶች ክፈትና እይ። ውስጣቸው በሚሞሪ የተሠራ ፋይል ሲስተም፣ ትእዛዝ የሚያስኬድ የሚመስል ግን ምንም ፕሮሰስ የማያስነሳ ክፍል፣ እንዲሁም በእጅ ወደፊት የሚገፋ ሰዓት አለ። ቴስቱ «ይህ ፋይል አሁን ተቀየረ» ይላል፣ ሰዓቱን አንድ ይገፋል፣ ቢልዱን ይጠራል፣ የትኞቹ ትእዛዞች እንደተጠየቁ ይቆጥራል። ማንም አይተኛም፣ ኮምፓይለርም አይነሳም። የግራፍ ውሳኔ ሁሉ፣ ማለትም ምን ይሠራ፣ በምን ቅደም ተከተል ይሠራ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው፣ እዚህ ነው መፈተሽ ያለበት።

የውሸት ፋይል ሲስተም ግን የጻፍከውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ፋይል) አያውቅም። ትልቅና ትንሽ ፊደል የማይለይ ዲስክ አያውቅም፤ በማክና በዊንዶውስ ነባር አሠራር በላቲን ትልልቅና ትንንሽ ፊደላት ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች አንድ ፋይል ናቸው፣ በግራፍህ ውስጥ ግን ሁለት ኖድ (የግራፍ ነጥብ) ሆነው ይቀመጣሉ። የመጻፍ ፈቃድ የሌለው ፎልደርም አያውቅም።

በእውነተኛ ዲስክና በእውነተኛ ፕሮሰስ የሚፈተሸው ዋናው ነገር የትእዛዝ ርዝመት ነው። ዊንዶውስ ላይ በትእዛዝ መስኮቱ በኩል የሚያልፍ ትእዛዝ ከ8191 ፊደል መብለጥ አይችልም፣ በቀጥታ የሚነሳ ፕሮሰስ ደግሞ ከ32,767። የፋይል ዱካ በነባሩ 260 ፊደል ላይ ይቆማል። ሊኑክስ ሰፊ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ አንድ ነጠላ አርጉመንት (ለትእዛዝ የሚሰጥ አንድ ጽሑፍ) ከ131,072 ባይት ማለፍ አይችልም። ቱላችሁ ትእዛዙን ሁሉ አንድ ላይ አሥሮ ለሼል እንደ አንድ ጽሑፍ የሚሰጥ ከሆነ መላው የሊንክ ትእዛዝ አንድ አርጉመንት ነው። ስለዚህ 40 ፊደል ስም ያላቸው 4000 ባዶ ኦብጀክት ፋይሎችን የሚያያይዝ ኢላማ ሥሩ፤ 160,000 ባይት ይሆናል። ቱሉ ዝርዝሩን በፋይል ጽፎ ለሊንከሩ የሚሰጥበት መንገድ ከሌለው እዚያው ይወድቃል። አወዳደቁም መፈተሽ አለበት፦ «ዝርዝሩ በጣም ረጅም ነው» የሚለው የሲስተሙ መልእክት የትኛው ኢላማ ላይ እንደደረሰ ካልነገረ ተጠቃሚው የት እንደሚያይ አያውቅም።

ክፍተት ያለበት የፎልደር ስም አትርሱ። የቴስት ፎልደሩን ስም ሁልጊዜ ክፍተትና የእኛ ፊደል እንዲኖረው አድርጉ፤ ለብቻው ቴስት ሳይጻፍለት ሁሉም ቴስት ይህንን አብሮ ይፈትሻል።

ንጹሕ_ውጤት
እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ሰው አስቀድሞ ያሰበውን ስሕተት የሚይዝ ነው። ድንጋይ_ጠራቢ የገጠመው ዓይነት ስሕተት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም ያላሰበው የለውጦች ቅደም ተከተል ነው፦ ፋይል ተጨመረ፣ ቢልድ ወደቀ፣ ፋይሉ ተመለሰ፣ ቢልድ ተደገመ። የመጀመሪያውን ሕግ በማሽን ማስፈተሽ ይቻላል፤ እኔ ለቢልድ ቱል ከሁሉ የላቀ ቴስት የምለው ይኸኛውን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በዘፈቀደ ከ5 እስከ 15 ኖድ ያለው ግራፍ ፍጠር። ቀለበት እንዳይሠራ እያንዳንዱ ኖድ ከሱ በፊት በተፈጠሩት ላይ ብቻ ይደገፍ። እውነተኛ ኮምፓይለር አትጠቀም፤ ቀርፋፋ ነው፣ የራሱም ጠባይ አለው። በምትኩ አነስተኛ ስክሪፕት ጻፍ፦ የተሰጠውን ፋይል ያነባል፣ በውስጡ «ጨምር» ብሎ የሚጀምር መስመር ካገኘ የተጠቀሰውንም ፋይል ያነባል፣ የሁሉንም ይዘት ሃሽ ውጤት ፋይሉ ላይ ይጽፋል፣ ያነበባቸውንም ፋይሎች ዝርዝር ለቱሉ ያስረክባል። ልክ ኮምፓይለር የሄደሮችን ዝርዝር እንደሚያስረክብ ማለት ነው።

ከዚያ በየዙሩ አንድ ለውጥ በዘፈቀደ ይመረጥ፦ ይዘት መቀየር፣ ሰዓት ብቻ መንካት፣ ፋይል ማጥፋት፣ የጠፋውን መመለስ፣ «ጨምር» የሚል መስመር መጨመር ወይም ማንሳት፣ የትእዛዝ አማራጭ መቀየር፣ ውጤት ፋይል ማጥፋት፣ ውጤት ፋይልን በእጅ ማበላሸት፣ ኢላማን ከዝርዝሩ ማውጣት። ለውጡ እንደተደረገ ቱሉ በዚያው ፎልደር ይሂድ። ምንጮቹ ብቻ ወደ አዲስ ፎልደር ይቀዱና እዚያም ከዜሮ ይሂድ። ሁለቱን አወዳድር፦ ሁለቱም ከወደቁ እኩል ናቸው፤ አንዱ ብቻ ከወደቀ ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ካለፉ ፋይሎቹ ባይት በባይት ይነጻጸሩ።

ብዙ ሰው የሚስተው ማነጻጸሩ ላይ ነው። በከዜሮው ፎልደር ያሉትን ፋይሎች ብቻ ካየህ የቀሩ ፋይሎችን አታይም። ኢላማው ከዝርዝሩ ሲወጣ የቀድሞ ውጤቱ በከፊሉ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፤ ሌላ ትእዛዝ «በዚህ ፎልደር ያሉትን ሁሉ» ብሎ ቢወስድ የሞተው ፋይል ወደ ፕሮግራሙ ይገባል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ተመልከት፣ ትርፍ ፋይል ሲገኝ ውድቀት ይሁን። ቱሉ የቀሩ ውጤቶችን ላያጠፋ ይችላል፤ ያ ውሳኔ ከሆነ በቴስቱ ውስጥ ተጽፎ ይታወቅ።

የዘፈቀደ ቁጥሩ መነሻ (ያንኑ ምርጫ ለመድገም የሚያስችለው ቁጥር) ሁልጊዜ ይታተም። ውድቀት ሲገኝ ለውጦቹን አንድ በአንድ እየቀነስክ ድገም፤ ከ60 ለውጥ ተነስተህ 3 ወይም 4 ላይ ትደርሳለህ፣ እሱም በስም የሚጠራ ቋሚ ቴስት ይሆናል።

ቅርንጫፍ
ንጹሕ_ውጤት፣ «ባይት በባይት» የሚለው በውሸቱ ኮምፓይለር ይሠራል። በእውነተኛው ስሞክረው ግን ምንም ሳይቀየር ሁለቱ ፎልደሮች አይገጥሙም።

ንጹሕ_ውጤት
አዎ፤ ያ የቱሉ ችግር ላይሆን ይችላል። በተለመደው የሚያጣሉት አራት ናቸው። በኮዱ ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚያትሙት ማክሮዎች፤ ሶርስ ዴት ኢፖክ የተባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ (ለፕሮግራሞች ከውጭ የሚሰጥ ቅንብር) በአንድ ቋሚ ቁጥር ብትሞላው ጂሲሲና ክላንግ የተባሉት ኮምፓይለሮች ያንን ቀን ይወስዳሉ። የአርካይቭ ፋይል (ብዙ ኦብጀክት ፋይሎችን በአንድ የሚይዝ)፤ ኤአር የተባለው ፕሮግራም የእያንዳንዱን አባል ሰዓትና ባለቤት ይጽፋል፣ ሁሉንም ዜሮ የሚያደርግበት አማራጭ በትልቁ ዲ ይጠራል። የፎልደሩ ሙሉ ዱካ በዲበግ መረጃ ውስጥ፤ ከጂሲሲ 8 ጀምሮ የፋይል ዱካን መነሻ በሌላ የሚተካ አማራጭ አለ። አራተኛው የፋይሎች ዝርዝር ቅደም ተከተል ነው፤ ፎልደር ሲነበብ ስሞቹ በፊደል ተራ አይመጡም፣ እና ቱልህ ሳይደረድራቸው ወደ ሊንከሩ ከላካቸው ይህ የቱሉ ጥፋት ነው፣ ሊስተካከል ይገባል።

ልዩነቱ የት እንዳለ ለማየት ዲፎስኮፕ የተባለውን ፕሮግራም ተጠቀም፤ አርካይቩን ፈትቶ የትኛው ክፍል እንደተለየ ያሳይሃል። ሁለቱ ፎልደሮች ደግሞ የስማቸው ርዝመት የተለያየ ይሁን፤ እኩል ርዝመት ሲሆኑ የሚደበቁ ልዩነቶች አሉ።

ጥላ
ስለ ሄደር ፋይል ማንም በቂ አልተናገረም፤ ድንጋይ_ጠራቢ የጠየቀው ግን ስለሱ ነው። ሦስት ነገር ፈትሽ።

የጠፋ ሄደር፦ ዋና.ሲ አሮጌ.ኤች የተባለውን ይጠራል። ቢልድ ይደረጋል። ከዚያ የጥሪው መስመር ከዋና.ሲ ይነሳል፣ አሮጌ.ኤች ይጠፋል። የቀድሞው የጥገኝነት ዝርዝር አሁንም አሮጌ.ኤችን ይጠቅሳል። መጥፎ ቱል «ይህን ፋይል የሚሠራ ሕግ የለኝም» ብሎ ይቆማል። ትክክለኛው «ጥገኝነቱ ስለጠፋ ዋና.ሲ እንደገና ይሠራ» ማለት ነው። ጂሲሲ ለሜክ ሲል ለእያንዳንዱ ሄደር ባዶ ሕግ የሚጨምር አማራጭ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚፈጠር ሄደር፦ ስሪት.ኤች በስክሪፕት የሚፈጠር ከሆነና ዋና.ሲ በእሱ ላይ መደገፉ ካልተገለጸ፣ በአንድ ትሬድ (በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ) ሲሄድ በአጋጣሚ ቅደም ተከተሉ ይሰምራል፣ በስምንት ሲሄድ አንዳንዴ ይወድቃል። ይህንን በመደጋገም ለመያዝ አትጠብቅ። ጂኤንዩ ሜክ በ2022 በወጣው 4.4 ስሪት ኢላማዎችን በዘፈቀደ ወይም በተገላቢጦሽ የሚያስኬድ «ሹፍል» የሚባል አማራጭ አስገብቷል። ያንተም ቱል ዝግጁ ከሆኑት ትእዛዞች የሚመርጥበትን ክፍል ከውጭ የሚቀየር አድርገው፦ መደበኛ፣ ተገላቢጦሽ፣ ዘፈቀደ። ተገላቢጦሹ ብቻውን ብዙውን ያወጣል።

የጋረደ ሄደር፦ ይህ ከሁሉ ይከብዳል። የሄደር መፈለጊያ ፎልደሮች ሁለት ናቸው፤ መጀመሪያ «ውስጥ»፣ ቀጥሎ «ውጭ»። ሒሳብ.ኤች «ውጭ» ውስጥ ብቻ አለ። ቢልድ ይደረጋል። አሁን ሌላ ሒሳብ.ኤች «ውስጥ» ውስጥ ይጨመር። ከዜሮ ቢልድ አዲሱን ይወስዳል። ከፊል ቢልድ ግን ምንም አያደርግም፣ ምክንያቱም ኮምፓይለሩ የሚያስረክበው ያነበባቸውን ፋይሎች እንጂ ፈልጎ ያጣቸውን አይደለም። የተመዘገቡት ፋይሎች አንዳቸውም አልተቀየሩም። ዘፈቀደው ቴስት «ፋይል መጨመር» እና ሁለት መፈለጊያ ፎልደር ከሌለው ይህንን በፍጹም አያገኘውም። መፍትሔው ወይ በመፈለጊያ ፎልደሮቹ ውስጥ ያሉትን የፋይል ስሞች ዝርዝር እንደ ጥገኝነት መያዝ ነው፣ ወይም ባዝል እንደተባለው ቢልድ ቱል ያልተገለጸ ፋይል እንዳይታይ ትእዛዙን በሳንድቦክስ (በተከለለ ቦታ) ውስጥ ማስኬድ።

ሳንድቦክስ ለሌለው ቱል በቴስት ጊዜ ብቻ ኤስትሬስ የተባለውን የሊኑክስ መከታተያ ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል። ትእዛዙን ከነልጆቹ እየተከተለ ፋይል የከፈተበትን ጥሪ ሁሉ ይመዘግባል፤ ያንን ዝርዝር ከተገለጹት ጥገኝነቶች ጋር አነጻጽር። ያልተሳኩትን ጥሪዎችም አትጣላቸው፤ «ፋይሉ የለም» ተብለው የተመለሱት ጥሪዎች ጋራጅ ሄደር ሊገባባቸው የሚችሉ ቦታዎች ናቸው።

መዶሻ
ጥላ ትክክል ነው። እኔ ደግሞ መቋረጥን እጨምራለሁ፤ ያረጀ ውጤት ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ ይኼ ነው፣ ቴስት ሲጻፍለት ግን እምብዛም አይታይም።

ውጤቱን ግማሽ ጽፎ በስሕተት የሚወጣ ስክሪፕት ሥሩ። ቱሉን አስኪዱ፣ ይወድቃል። ስክሪፕቱን ሳትነኩ ስሕተቱን በውጭ ፋይል አስወግዱና ድገሙ። ግማሹ ፋይል ዲስክ ላይ አለ፣ ሰዓቱም ከምንጩ አዲስ ነው። ሰዓት ብቻ የሚያይ ቱል «አያስፈልገውም» ይላል። ሜክ በሲግናል (ሲስተሙ ለፕሮግራም በሚልከው ምልክት) ሲቋረጥ እየሠራ የነበረውን ኢላማ ያጠፋል፤ ትእዛዙ በስሕተት ሲወጣ ግን ልዩ ኢላማው «ዲሊት ኦን ኤረር» ካልተጻፈ በቀር አያጠፋም።

ቀጥሎ ቱሉን ራሱን በሲግናል 9 ግደሉት። ይህ ሲግናል የማጽዳት ዕድል አይሰጥም፤ ስለዚህ መዳን ያለበት በሚቀጥለው ቢልድ ነው።

ከዚያ መዝገቡ። የቱሉን መዝገብ ፋይል ውሰዱና ከ0 ባይት ጀምሮ እስከ ሙሉ ርዝመቱ በየባይቱ እየቆረጣችሁ ቱሉን አስኪዱ። መዝገቡ 2000 ባይት ከሆነ 2001 ጊዜ ነው፤ በውሸት ፋይል ሲስተም ላይ ይህ ሸክም አይደለም። በየትኛውም ቁርጥ ላይ የሚፈቀዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የቀረውን ማዳን፣ ወይም ሁሉን እንደገና መሥራት። መውደቅ አይፈቀድም፣ ያልተሠራውን ተሠርቷል ማለት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። መዝገቡን በሌላ ስም ጽፎ በስም ለውጥ የሚያስገባ ቱል ይህንን በቀላሉ ያልፋል።

ዲስክ ሲሞላ የሚሆነውን ለማየት በሊኑክስ 1 ሜጋባይት የሆነ ቴምፕኤፍኤስ (በሚሞሪ ውስጥ ያለ የፋይል ሲስተም) ከፍታችሁ እዚያ ላይ አስኪዱ። ፋይል ሲዘጋ የሚመጣውን ስሕተት የማያይ ቱል እዚህ ይጋለጣል።

የመውጫ ቁጥሩንም በእያንዳንዱ ቴስት ፈትሹ። ባዝል 0፣ 1 እና 3ን ለይቶ ይጠቀማል፦ ተሳክቷል፣ ቢልዱ ወድቋል፣ ቢልዱ አልፎ ቴስቱ ወድቋል። በቱላችሁ ላይ ስክሪፕት የሚጽፉ ሰዎች በዚያ ቁጥር ነው የሚኖሩት፤ ሳይነገራቸው ከተቀየረ ሥራቸው ይሰበራል።

ሰዓት_ቆጣሪ
ካሽ ላለው ቱል አጭር ተጨማሪ። አንዱን ፕሮጀክት በሁለት ፎልደር አስቀምጡ፣ ካሹ የጋራ ይሁን። በመጀመሪያው ቢልድ ይደረግ፤ በሁለተኛው ሁሉም ከካሽ መምጣት አለበት። ካልመጣ የካሹ ቁልፍ ውስጥ ሙሉ ዱካ ገብቷል። ከዚያ በውጤቱ ላይ ለውጥ የሚያመጣ የአካባቢ ተለዋዋጭ ቀይራችሁ ድገሙ፤ አሁን ከካሽ ከመጣ ቁልፉ ጎዶሎ ነው። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ነው፣ የአንዱ ሰው የተሳሳተ ውጤት ለሌላው ስለሚደርስ። በመጨረሻ በካሹ ውስጥ ካሉት ፋይሎች የአንዱን አንድ ባይት ቀይሩ። ቱሉ ሲያወጣው ሃሹን አረጋግጦ መጣል አለበት።

ቅርንጫፍ
በስክሪን ላይ የሚወጣውን ጽሑፍስ? የስሕተት መልእክት ጥራት የቱሉ ግማሽ ጥቅም ስለሆነ ሳይፈተሽ መተው ይከብደኛል።

ከዜሮ_ጀማሪ
ይፈተሽ፣ ግን በተለየ ቡድን። የሩስት ቋንቋ ቢልድ ቱል የሆነውን የካርጎን አሠራር ተመልከቺ፦ ቴስቱ አነስተኛ ፕሮጀክት በኮድ ይፈጥራል፣ እውነተኛውን ካርጎ ያስኬዳል፣ የወጣውን ጽሑፍ ከተጻፈው ጋር ያነጻጽራል። ከማነጻጸሩ በፊት ግን የሚለዋወጡት ነገሮች በቋሚ ምልክት ይተካሉ፦ የጊዜያዊ ፎልደሩ ዱካ፣ የወሰደው ጊዜ፣ የዊንዶውስ ወደ ኋላ ያጋደለ የዱካ መለያ። ጎን ለጎን ከሚሄዱ ትእዛዞች የሚወጡ መስመሮች ቅደም ተከተላቸው አይታመንም፤ እነዚህ ተደርድረው ይነጻጸሩ ወይም ቴስቱ በአንድ ትሬድ ይሂድ። ብዙ ቴስት ሙሉ ጽሑፍ የሚያነጻጽር ከሆነ አንድ ቃል ሲስተካከል ሁሉም ይወድቃሉ፤ የሚጠበቀውን ጽሑፍ በአንድ ትእዛዝ የሚያድስ መንገድ አብሮ ይዘጋጅ፣ የታደሰውንም ሰው ይየው።

ድንጋይ_ጠራቢ
የጥላን ሦስቱን ሞከርኩ። የጠፋ ሄደር ያልፋል። የሚፈጠር ሄደር በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ወዲያው ወደቀ። የጋረደ ሄደርም ወደቀ። የዘፈቀደውን ቴስት ልጽፍ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ በእያንዳንዱ ኮሚት (ወደ ኮዱ በሚገባ ለውጥ) ላይ ይሂድ ወይስ በሌሊት? መነሻ ቁጥሩ ሁልጊዜ አዲስ ከሆነ ኮድ ያልነካ ሰው ኮሚት ላይ ውድቀት ይመጣበታል።

ንጹሕ_ውጤት
ለሁለት ክፈለው። በኮሚት ላይ የመነሻ ቁጥሮቹ ቋሚ ይሁኑ፤ 200 ያህል ቁጥሮች በአንድ ፋይል ተጽፈው፣ በውሸቱ ፋይል ሲስተም ላይ ይሂዱ። ያኔ የሚወድቀው ኮዱን የቀየረው ሰው ላይ ብቻ ነው። በሌሊት አዳዲስ ቁጥሮች በእውነተኛ ዲስክ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ይሂዱ፣ ለምሳሌ አንድ ሰዓት። በሌሊት የወደቀ መነሻ ቁጥር ወደዚያ ፋይል አይጨመር፤ የግራፍ ፈጣሪው ኮድ ሲቀየር ያው ቁጥር ሌላ ግራፍ ይሰጣል፣ የያዘውም ስሕተት ይጠፋል። በቁጥሩ ፈንታ የተቀነሰው የለውጦች ዝርዝር ራሱ ይቀመጥ፦ «ሀ ፍጠር፣ ለ በሀ ላይ ይደገፍ፣ ቢልድ፣ ሀ አጥፋ፣ ቢልድ፣ ሀ መልስ፣ ቢልድ»። ይህን አንብቦ የሚያስኬድ 50 መስመር የማይሞላ ኮድ ይበቃሃል።

የጋረደውን ሄደር ዛሬ ካላስተካከልከው ቴስቱን አትሰርዘው። «እንደሚወድቅ የሚታወቅ» ብለህ ምልክት አድርግበት፣ ሳይታሰብ ማለፍ ሲጀምርም ቴስቶቹን የሚያስኬደው ፕሮግራም ያሳውቅህ።

ጥላ
የሚፈጠረው ሄደር ላይ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጥገኝነቱን በዝርዝሩ ላይ ስትጽፍ ስሪት.ኤች ከኮምፓይሉ በፊት መኖሩን ብቻ የሚያስገድድ ግንኙነትና ይዘቱ ሲቀየር እንደገና የሚያሠራ ግንኙነት ለየብቻ ያዝ። ኒንጃ የመጀመሪያውን በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይለየዋል። ሁሉንም በሁለተኛው ዓይነት ካሰርካቸው ስሪት.ኤች በየኮሚቱ ስለሚቀየር፣ የማይጠሩት ፋይሎች ሁሉ በየጊዜው እንደገና ይሠራሉ። ቴስቱ፦ አሥር የሲ ፋይል፣ ስሪት.ኤችን የሚጠራው አንዱ ብቻ። የሚፈጥረው ስክሪፕት ቁጥሩን ይቀይር። የሚጠበቀው አንድ የማፍለቂያ ትእዛዝ፣ አንድ ኮምፓይልና አንድ ሊንክ ነው።